ከቤይሩት ለተመለሰች እህቴ ያገኘነው የምክር አገልግሎት

እህቴ ቤይሩት አምስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ በ2012 ዓ.ም. ተመለሰች፤ ኢኮኖሚው ወድቆ ማዳሞቹ ሠራተኞቻቸውን ቆንስላችን በር ላይ እየጣሉ የሚሄዱበት ጊዜ ነበር። በር ሲንኳኳ ትዘላለች፣ ሌሊት አትተኛም። መጀመሪያ ጸበል ወሰድናት (አልጎዳትም)፣ ከዚያ ነው አዲስ አበባ ያለ አንድ የተመላሾች መጠለያ የሄድነው።

አማካሪዋን ወደድኳት። ስለ አሠሪዋ ምንም ሳትጠይቃት ስለ እንቅልፏ ብቻ አወሩ፣ በሦስተኛው ቀን እህቴ ራሷ ፓስፖርቷ እንዴት እንደተወሰደባት፣ የስንት ወር ደሞዝ እንደተበላባት ዘረገፈችው። ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ቡና እያፈሉ ማውራቱም ረድቷታል፣ «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም» እያለች ቤት ገባች።

እንግዳ ተቀባዩ ግን! ሰው ፊት «ስንት ብር ይዘሽ መጣሽ?» ይባላል? ተራ ለማግኘትም ሦስት ሳምንት ጠብቀናል። ክፍያ የለውም። ጠዋት በጊዜ ሂዱ።