አልገጥም ላለ የእጅ አንጓ አጥንት የተደረገልኝ ቀዶ ሕክምና

በአውራ ጣት በኩል ያለችው ስካፎይድ የምትባል አጥንቴ ተሰብራ ሳትገጥም ቀርታ ነው አዲስ አበባ ውስጥ ቀዶ ሕክምና የተሠራልኝ። ባጭሩ፣ ሥራው በጣም ጥሩ ነው፤ ክትትሉ ግን ብዙ ይቀረዋል።

ባቄላ የምትመስል ትንሽ አጥንት ናት። ስትሰበር እጅ ላይጣመም ይችላል፣ የመጀመሪያው ኤክስሬይ ላይም ላትታይ ትችላለች። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ «ወለምታ ነው» ብሎ በማስታገሻ ሸኘኝ። ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ተመልሰህ ድጋሚ ኤክስሬይ ተነሳ ያለኝ የለም። ይሄ እስካሁን ያበግነኛል።

ቀዶ ሕክምናውን የሠራልኝ ሐኪም ግን አንጀቴን ነው ያራሰው። ሲቲ ስካኑን ከፍቶ ክፍተቱን በእስክሪብቶ ጫፍ እያሳየ አስረዳኝ። ለዚች አጥንት ደም በብዛት የሚገባው በጣት በኩል ካለው ጫፍ ነው፤ ስለዚህ ስትሰበር ወደ ክንድ ያለው ቁራጭ ደም ያጥረዋል፣ ከተተወ ደግሞ ውሎ አድሮ መገጣጠሚያው በአርትራይተስ ይበላሻል። ጎረቤቱ ሁሉ ወጌሻ ጋ ሂድ ይለኝ ነበር፤ መታሸት ግን እንዲህ ያለ ክፍተት አይሞላም።

በስብራቱ መሀል የነበረውን የሞተ ነገር ጠርገው አወጡና ከዳሌዬ አጥንት ወስደው ሞሉበት፣ ከዚያ ጭንቅላት በሌላት ትንሽ ብሎን አጠበቁት። የብሎኗ ሁለት ጫፎች ጥርሳቸው ስለሚለያይ ስትጠብቅ ቁራጮቹን ታቀራርባለች። አጥንቱ ውስጥ ተቀብራ ስለምትቀር አብዛኛውን ጊዜ ማውጣት አያስፈልግም።

ማንም በደንብ ያላስጠነቀቀኝ ዳሌውን ነው። ከእጄ በላይ ያመመኝ እሱ ነው፤ ካልሲ ለማድረግ ማጎንበስ ራሱ ፈተና ነበር። ጀሶው ከወጣ በኋላ ደግሞ ለፊዚዮቴራፒ አንድ ወረቀት ሰጥተው «ቤትህ ሥራ» አሉኝ። ያን ሁሉ ገንዘብ ለከፈለ ሰው ይሄ አይበቃም።

አሁን ቁልፍ አዞራለሁ፣ ጀሪካን አነሳለሁ። እጄን ጠረጴዛ ላይ ደግፌ ስነሳ ግን ወደ ኋላ መታጠፉ ከሌላኛው ያንሳል። ቢሆንም አሁንም ቢሆን ተሠሩት ነው የምለው።

የምታጨሱ ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት አቁሙ፣ ሲጋራ አጥንቱ እንዳይገጥም ያደርጋል። የብሎኑ ዋጋ ከጠቅላላው ክፍያ ውስጥ መኖሩንም ቀድማችሁ ጠይቁ፤ እኔ ላይ ለብቻው ነው የመጣብኝ። መግጠሙን የሚያረጋግጥ ሲቲ ስካንም ይታዘዝልኝ በሉ፣ ኤክስሬይ ብቻውን አያስተማምንም።