ያገለገለ አኳሪየም ስትገዙ መስታወቱ ሳይደርቅ ብር እንዳትከፍሉ

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ሰሞኑን ያገለገለ አኳሪየም (ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ሣጥን) ለመግዛት ካሰባችሁ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ። እኔ 7,000 ብር ከስሬበታለሁ። ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው የምጽፈው።

ለልጄ ብዬ ነበር። ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያውን አየሁና ደወልኩ። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር። ሻጩ «ከሥራ ስትወጣ ና» አለኝ። ስደርስ መሽቷል። አኳሪየሙ ገና መታጠቡ ነው፤ ውስጡም ውጭውም ውሃ ያንጠባጥባል። በአምፖል ብርሃን ሲታይ ጥርት ያለ ነው። «ለአንተ ብዬ ነው ያጠብኩት» ሲለኝ አመሰገንኩት። ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር አይቼ ስጠይቀው «የውሃ እድፍ ነው፣ በአቼቶ ይለቃል» አለኝ። ከፈልኩ፤ በባጃጅ ጭኜ ገባሁ።

ጠዋት ስነሳ መስታወቱ ደርቋል። የፊት ለፊቱ ገጽ በሙሉ ጉም የለበሰ ይመስላል። በጣቴ ስዳብሰው ይሻክራል።

ቆይቶ ነው የገባኝ። እርጥብ መስታወት ብዙ ነገር ይደብቃል። ውሃው ስንጥቅጥቁንና ሻካራውን ስለሚሞላው ብርሃን አይበተንም፤ ዓይን ንጹሕ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሲደርቅ ሁሉም ይወጣል።

እድፉ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ውሃው ሲተን የሚቀረው ካልሲየም ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋግረው ነጭ ነገር ማለት ነው። ይህ እውነትም በአቼቶ ይለቃል። እኔ አኳሪየሙን በጎኑ አጋድሜ፣ ሶፍት በአቼቶ ነክሬ እድፉ ላይ አለበስኩትና እንዳይደርቅ በፌስታል ሸፈንኩት። ሁለት ሌሊት እንደዚያ አሳደርኩት። ከዚያ በአዲስ ምላጭ፣ መስታወቱን እያረጠብኩ፣ ምላጩን አጋድሜ ስገፋው ቅርፊቱ እየተላጠ ወረደ። ምላጭ ግን ለመስታወት ብቻ ነው፤ አኳሪየሙ ፕላስቲክ ከሆነ ይቧጭረዋል። መስታወቶቹን ጥግ ላይ የሚያጣብቀው ሲሊኮንም ጋ አታድርሱት፣ ይቆርጠዋል።

ሁለተኛው ግን እድፍ አይደለም፤ ጭረት ነው። ቅርፊቱ ሲነሳ ከሥሩ ክብ ክብ የሠራ ጭረት አገኘሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ፈግፍጎታል። ውጭውም እንደዚያው ነው። ይህ በአቼቶም በሎሚም በምንም አይለቅም። ውስጥ ያለው ቀጫጭኑ ውሃ ሲሞላ ይደበዝዛል፣ የውጭው ግን ሁልጊዜ ይታያል። ጥልቅ ጥልቁ ላይ ደግሞ አረንጓዴው የውሃ ሽበት (አልጌ) ይያዝበታል፤ ማጽዳቱ ፋታ አይሰጥም።

ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ ደረቅ ጨርቅና ትንሽ አቼቶ ይዛችሁ ሂዱ። በቀን ይሁን። መስታወቱን አድርቁትና በብርሃን አንጻር በጎን በኩል እዩት። ነጩ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉ፤ ካልሲየም ከሆነ ትንንሽ አረፋ ያወጣል፣ ቆይቶ ሲጠረግ ይሳሳል። ምንም ካልተለወጠ ጭረት ነው ብላችሁ ተደራደሩ፣ ወይ ተዉት።

ጥግ ጥጉንም እዩልኝ። የእኔው አንዱ ጥግ ላይ አዲስ ሲሊኮን በአሮጌው ላይ ተቀብቶበት ነበር። አዲሱ አሮጌው ላይ በደንብ አይይዝም፤ አሮጌው ተላጥቶ መነሳት አለበት። ውሃ ሞልቼ ባሳድረው ጠዋት ምንጣፉ ርሷል። ይህ መጠን ሲሞላ 128 ሊትር ይይዛል፤ ውሃው ብቻ 128 ኪሎ ነው። ልጅ በሚጫወትበት ቤት ይህ ቢፈነዳ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ሻጩን «ሞልተህ አንድ ቀን አቆይልኝ» በሉት። እምቢ ካለ ምክንያት አለው።

በኦሞና በሳሙና አትጠቡት፣ ቅሪቱ ዓሣ ይገድላል። በረኪናና አቼቶ ደግሞ በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የእኛ አገር ብርድ ታውቁታላችሁ፣ በውርጭ ጠዋት መስታወቱ በረዶ ነው። ቶሎ ይልቀቅልኝ ብላችሁ የፈላ ውሃ ብትደፉበት ይሰነጠቃል። እኔ ማንቆርቆሪያውን አንስቼ ባለቤቴ ናት የከለከለችኝ።

ሻጩ ጋ ደውዬ ነበር። «አይተህ አይደል የወሰድከው?» ብሎ ዘጋው። ቀብድ በቴሌብር አስቀድማችሁ አትላኩ።

ትናንት ያው ሰውዬ ሌላ አኳሪየም ለጥፏል። ፎቶው ላይ መስታወቱ ውሃ ያንጠባጥባል። ቀጠሮ የያዛችሁ ካላችሁ፣ ጨርቁን እንዳትረሱ።