ከስልክ ለመራቅ የት ይሻላል? ግሪን ባንክ፣ ሼናንዶዋ፣ አሳቲግ ወይስ ባለ ሣጥኑ ካቢን

ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው፣ ሁለት ሦስት ቀን ከስልክ ርቆ ለመመለስ አራት ዓይነት ምርጫ በመኪና መንገድ ያገኛል። የሁሉም ማስታወቂያ የሚያወራው ስለ ጸጥታና ስለ ንጹሕ አየር ነው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት መጠየቅ ያለብዎት ግን እዚያ ቦታ ስልኩን የሚያስቆመው ምን እንደሆነ ነው። ግሪን ባንክ ኔትወርክ የለም። የሼናንዶዋ ተራራ የእንጨት ቤቶች መብራት የላቸውም። አሳቲግ ደሴት ላይ ኔትወርክ አለ፣ ሶኬት የለም። ስልክ ማስቀመጫ ሣጥን ያላቸው ዘመናዊ ካቢኖች ሁሉም ነገር ተሟልቶላቸዋል፤ ሣጥኑን የሚዘጋውም የሚከፍተውም እንግዳው ራሱ ነው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ልጆች ላሉት ቤተሰብና ስልክ ከእጁ ለማይወጣ ሰው ግሪን ባንክን የሚያህል የለም። እንጨት መልቀምና ውኃ መቅዳት ለማይሰለቻቸው ጓደኛሞች ወይም ጥንዶች የሼናንዶዋ ቤት ይስማማል፤ ዋጋውም ለኪስ አይከብድም። አሳቲግ ወቅቱን ካልጠበቁለት ያማርራል። ባለ ሣጥኑን የምንመክረው ለአንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው።

| ቦታ | ስልኩን የሚያስቆመው | ከዲሲ በመኪና | መኝታ |
|---|---|---|---|
| ግሪን ባንክ፣ ዌስት ቨርጂኒያ | የኔትወርክ አለመኖር | ከ4 ሰዓት በላይ | ቤት፣ ሙቅ ውኃና መብራት ያለው |
| የሼናንዶዋ የእንጨት ቤቶች፣ ቨርጂኒያ | የመብራት አለመኖርና የሸለቆው ጥልቀት | ከ2 እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያ በእግር | ፍራሽና የእንጨት ምድጃ |
| አሳቲግ፣ ሜሪላንድ | ባትሪው ማለቁ | 3 ሰዓት ገደማ | የራስዎ ድንኳን |
| ባለ ሣጥኑ ካቢን፣ ቨርጂኒያ | የራስዎ ፈቃድ | 2 ሰዓት ገደማ | የሆቴል ያህል የተሟላ |

ግሪን ባንክ

ግሪን ባንክ ፖካሆንታስ ካውንቲ ውስጥ ያለች የገጠር መንደር ናት። ከሩቅ ሰማይ የሚመጣ የራዲዮ ሞገድ የሚያዳምጥ ግዙፍ ቴሌስኮፕ ተተክሎባታል፤ ሳህኑ 100 በ110 ሜትር፣ ቁመቱ 148 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በሁሉም አቅጣጫ መዞር ከሚችሉት የዓለም ቴሌስኮፖች ትልቁ ነው። የሚቀበለው ሞገድ እጅግ ደካማ ስለሆነ በአቅራቢያው ያለ የስልክ ማማ ቀርቶ የአንድ ቤት ዋይፋይ ያውከዋል። ለዚህ ሲባል እ.ኤ.አ. በ1956 ዌስት ቨርጂኒያ በቴሌስኮፑ ዙሪያ ሞገድ የሚረብሹ መሣሪያዎችን የሚገድብ ሕግ አወጣች። በ1958 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት 13,000 ስኩዌር ማይል የሚሸፍን የራዲዮ ጸጥታ ቀጠና ከለለ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀጠናው ሰፊ ነው፤ ሃሪሰንበርግና ስታንተን የተባሉት የቨርጂኒያ ከተሞች ጭምር በውስጡ ናቸው፤ ሁለቱም ጋ ስልክ እንደ ልብ ይሠራል። ስለዚህ የኪራይ ቤት ማስታወቂያ «ጸጥታ ቀጠና ውስጥ» ስላለ ኔትወርክ የለውም ማለት አይደለም። አድራሻውን ይጠይቁ፤ የሚፈልጉት ግሪን ባንክን፣ አርቦቬልን፣ ደንሞርን ወይም ካስን ነው። በዚያው ካውንቲ ያለው ስኖውሹ የተባለ የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ ለእንግዶቹ ኔትወርክ አስገብቷልና ለዚህ ጉዳይ አይሆንም። ሁለተኛው ጥያቄ «ቤቱ ዋይፋይ አለው ወይ?» ነው። በሽቦ የሚገባ ኢንተርኔት በአካባቢው ስላለ፣ አንዳንድ ቤት ውስጥ ዋይፋይ አይጠፋም። ልጆች ይዘው ከሄዱ ታብሌቱን ጨርሶ ቤት ይተዉት፤ ቀድሞ የተጫነ ፊልም ኔትወርክ አይጠይቅም።

መንገዱ በ66 ወጥቶ በ81 ወደ ደቡብ እስከ ሃሪሰንበርግ ነው። ከዚያ በ33 ወደ ምዕራብ ተራራውን ተሻግረው በፍራንክሊን በኩል ጁዲ ጋፕ ይደርሳሉ፤ ከጁዲ ጋፕ 28 ቁጥርን ይዘው ወደ ደቡብ ነው። ቤንዚን ሃሪሰንበርግ ላይ ይሙሉ። ከዚያ በኋላ ማደያው ይሳሳል፣ ጠመዝማዛው ይበዛል፣ ኔትወርኩም ይቆራረጥና ይጠፋል። ጂፒኤስ ከሳተላይት ስለሚቀበል ስልኩ ያሉበትን ነጥብ ያሳያል፤ ካርታው ራሱ ግን በኢንተርኔት የሚመጣ በመሆኑ ነጥቧ ባዶ ገጽ ላይ ትቀራለች። ስለዚህ ካርታውን ከቤት ያውርዱ ወይም የወረቀት ካርታ ይግዙ። ክረምት ላይ በረዶ ሲጥል የ33 ቁጥር ዳገት አደገኛ ነው፤ የተሻለው ጊዜ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ነው።

የጉዞውን መጀመሪያ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ የበሩ ቁጥር ነው። አከራዮች ኮዱን በሚደርሱበት ቀን በቴክስት ይልኩታል፤ ቴክስቱ ደግሞ አይደርስም። ከመነሳትዎ በፊት ጠይቀው በወረቀት ይጻፉት። የባንክ አፕም ለማረጋገጫ ኮድ ስለሚልክ እዚያ ሆነው መግባት አይችሉም፤ ዕቁብዎንና የቤት ክፍያዎን ቀድመው ይጨርሱ፣ ለገጠር ሱቆች ጥሬ ገንዘብ ይያዙ። አዳዲሶቹ አይፎኖች ሰማይ በሚታይበት ቦታ በሳተላይት መልእክት መላክ ይችላሉ፤ ለድንገተኛ አደጋ ጥሩ ነው፣ «አንዴ ልይ» ለሚል ሰው ግን ቀዳዳ ነው። ቆርጠው የሄዱ ከሆነ ስልኩን አጥፍተው መኪናው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡት።

ቀኑ በምን ይሞላል? የቴሌስኮፑ ጉብኝት ራሱ ትምህርት ነው። ወደ ሳህኑ የሚጠጉት በናፍጣ በሚሠራ አውቶቡስ ነው፤ የቤንዚን ሞተር ካንዴላ የሚያወጣው ብልጭታ የራዲዮ ሞገድ ስለሚረጭ ወደዚያ አይቀርብም። ዲጂታል ካሜራም ከተወሰነ ቦታ በኋላ አይፈቀድም፣ በፊልም የሚሠራው የድሮው ካሜራ ግን ይፈቀዳል። ለልጅ ካሜራው ለምን እንደተከለከለ ማስረዳት፣ «ስልክ አስቀምጥ» እያሉ ከመጨቃጨቅ በእጅጉ ይቀላል፤ ምክንያቱ ፊት ለፊቱ ቆሟልና። ካስ ላይ ድሮ ግንድ ያጓጉዙ የነበሩ የእንፋሎት ባቡሮች ዛሬ መንገደኛ ይዘው ተራራ ይወጣሉ፤ የእንጨት ፋብሪካው ሠራተኞች ይኖሩባቸው የነበሩት ቤቶችም ይከራያሉ። ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ከእነዚህ ቤቶች የተሻለ ማረፊያ አካባቢው የለውም፤ ወጥ ቤት አላቸው፣ ልጆች በር ከፍተው ሜዳ ላይ ይሮጣሉ። ከካስ የሚነሳው የግሪንብራየር ወንዝ መንገድ የድሮ ሐዲድ የተነሳበት 78 ማይል የብስክሌት መንገድ ነው፤ ሐዲድ ስለነበረ ዳገት የለውም፣ ሕፃን የጫነ ብስክሌትም ይሄድበታል።

በሽተኛ ወይም እርጉዝ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ማረፊያው የመስመር ስልክ እንዳለው ያረጋግጡ፤ 911 የሚደወለው በእሱ ነው። ሆስፒታሉ ያለው ከማርሊንተን በስተደቡብ፣ በክአይ የተባለች ቦታ ነው።

የሼናንዶዋ የእንጨት ቤቶች

የሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክን ሁሉም ሰው የሚያውቀው በስካይላይን ድራይቭ ነው፤ በተራራው ጫፍ ላይ የሚሄድ 105 ማይል መንገድ። የመኪና መግቢያው 30 ዶላር ሆኖ ለ7 ቀን ያገለግላል። ከስልክ ለመራቅ የሚመጣ ሰው ግን መንገዱ ዳር ካሉት ሎጆች ብዙ አይጠብቅ። ተራራው ወደ ሉሬይና ወደ ፍሮንት ሮያል በሚያይበት ቦታ ሁሉ ኔትወርክ ከሸለቆው ከተሞች ይመጣል፤ ሰዉም ለፎቶ በቆመበት ቦታ ስልኩን ሲነካካ ይቆያል።

ኔትወርኩ የሚጠፋው ወደ ታች፣ ጫካው ውስጥ ሲወርዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 የተመሠረተው የፖቶማክ አፓላቺያን የእግር ጉዞ ክበብ ፓርኩ ውስጥ ስድስት ቤቶች ያከራያል፦ ኮርቢን፣ ዶይልስ ሪቨር፣ ጆንስ ማውንቴን፣ ፖኮሲን፣ ሬንጅ ቪው እና ሮክ ስፕሪንግ። መኪናዎን አቁመው ዕቃዎን ተሸክመው በእግር ይሄዳሉ። ቤቱ ፍራሽ፣ ድስትና ሳህን፣ የእንጨት ምድጃ፣ ከደጅ የጉድጓድ ሽንት ቤት አለው። መብራትና የቧንቧ ውኃ የለውም።

ይህ ቤት ስልክን የሚያስረሳው ሥራ ስላለው ነው። ከምንጭ ቀድተው ውኃውን ቢያንስ 1 ደቂቃ እስኪንተከተክ ያፈሉታል። በበጋው መጨረሻ ምንጩ ሊደርቅ ስለሚችል ለመጀመሪያው ቀን ለአንድ ሰው 4 ሊትር ያህል ተሸክመው ይግቡ። ማገዶ ከቤት ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ከሌላ ቦታ የመጣ እንጨት ዛፍ የሚያደርቅ ተባይ ያዛምታል። የወደቀና የደረቀ እንጨት እዚያው ይለቅማሉ፣ ከመምሸቱ በፊት። ከመሸ በኋላ በራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ስልኩን ለብርሃን ብሎ ያወጣውና ሳያስበው ፎቶ ሲያይ ያመሻል።

ድብ አለ። ምግብ ከደጅ አያድርም፤ ከቤት ውጭ የሚሰቀል ከሆነ ከመሬት 10 ጫማ ከፍ፣ ከግንዱ 4 ጫማ ራቅ ብሎ ነው። የወጥ ሽታ ያለበት ፌስታልም እንደ ምግብ ይቆጠራል። ከስፕሪንግ እስከ ፎል መዥገር ስለሚበዛ ሱሪዎን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ፣ ማታ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብትና የፀጉር ሥር ይፈትሹ። ለትንሽ ልጅና ጉልበቱን ለሚያመው አባት ይህን ቤት አንመክርም፤ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው ጨለማ ብቻውን ይበቃል።

አሳቲግ

በውቅያኖስ ዳር የተዘረጋ የአሸዋ ደሴት ነው፣ የዱር ፈረሶች የሚንጎራደዱበት። በብሔራዊ ፓርኩ ካምፕ የድንኳን ቦታዎች ላይ ሶኬት የለም፣ ሻወሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ከጎኑ ያለው የሜሪላንድ ግዛት ፓርክ ሙቅ ሻወር አለው። ስልኩ በሁለተኛው ቀን ባትሪ ይጨርሳል፣ የመኪና ቻርጀር ይዘው ካልሄዱ ማለት ነው። ኦሽን ሲቲ ቅርብ ስለሆነች ኔትወርኩ እስከዚያ ይሠራል።

ጁላይና ኦገስት ላይ ትንኙና ተናካሽ ዝንቡ መቀመጫ ያሳጣል፣ በተለይ ነፋሱ ከመሬት ወደ ባሕር ሲነፍስ። ሴፕቴምበር መጨረሻና ኦክቶበር ይሻላል። የተራ ድንኳን ካስማ አሸዋ ላይ አይይዝም፤ ረጅሙን የአሸዋ ካስማ ይግዙ። ከፈረሶቹ 40 ጫማ ይራቁ፤ ይረግጣሉ፣ ይነክሳሉ። ምግብ ካሸተቱ ድንኳን ስለሚበጥሱ ሁሉም ነገር መኪና ውስጥ ይቆለፋል።

ባለ ሣጥኑ ካቢን

ጫካ ዳር የተተከለ ትንሽ ቤት፣ ትልቅ መስኮት፣ ሙቅ ሻወር፣ ሁለት ምድጃ፣ አልጋው አጠገብ ደግሞ ስልክ የሚቀመጥበት ሣጥን። ቤቱ ምቹ ነው፣ ቅርብም ነው። ግን ኔትወርኩ ካለ ሣጥኑ ከአንድ ሌሊት በላይ አይቆይም፤ አንዱ «አየሩን ልይ» ብሎ ይከፍተዋል፣ ሌላውም ይከተላል። ይህን የምንመክረው በሥራው ምክንያት በቀን አንዴ መደወል ለሚገደድ ሰው ነው፤ ለምሳሌ ለነርስ ወይም በሽተኛ ወላጅ ለሚያስታምም። ከማስያዝዎ በፊት የሁለት ሰው ካቢን ከሆነ ልጅ ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቁ።

የትም ቢሄዱ

እኛ ዘንድ ስልክ መዝጋት የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። እናት ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ደውላ ሁለት ቀን ካላገኘችዎት ዘመድ ሁሉ ይነሳል። ሳምንት ሲቀረው ለቤተሰብ ይንገሩ፤ «ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ አልገኝም» ብለው ቀኑን ይቁረጡ። የማረፊያውን የመስመር ስልክ ቁጥር ለአንድ አስተዋይ ሰው ብቻ ይስጡ፣ ለወንድም ወይም ለዕድር ጓደኛ። መርዶ ወይም ድንገተኛ ሕመም ሲኖር ብቻ እንዲደውል ይስማሙ። ቁጥሩን ለአምስት ሰው ከሰጡ ጉዞው አለቀ።

ምግብ ላይ፦ እንጀራ ለሦስት ቀን ይበቃል፤ በጨርቅ ጠቅልለው በፕላስቲክ ሸፍነው ኩለር ውስጥ ከበረዶው ጋር ሳይነካካ ያስቀምጡት፣ እርጥብ ከሆነ ይሻግታል። ምጥን ሽሮ፣ ቆሎና በሶ ለሼናንዶዋ ቤት የሚስማሙ ናቸው፤ ቀላል ናቸው፣ በጾም ቀንም አያስቸግሩም። ቡና ቆልተው ይሂዱ። ካቢንና ሎጅ ውስጥ መቁላትም ሆነ ዕጣን ማጨስ የጭስ ደወሉን ያስነሳል፣ ቅጣትም ያስከፍላል። የከሰል ምድጃ ደግሞ ቢበርድ እንኳ ድንኳን ወይም ቤት ውስጥ በፍጹም አይገባም፤ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ጀበናውን ከደጅ ይጣዱ።