የእማዬን «ቅል» በሚሊሜትር ለለካልን ሐኪም

ሰላም ወገኖቼ። ዛሬ የምጽፈው ምስጋናም ጥቆማም ነው።

እማዬ 61 ዓመቷ ነው፤ ከእኛ ጋር አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ትኖራለች። ማዞር አስቸገራትና ኤምአርአይ ተነሳች። ማዞሩ ከጆሮ ሆኖ ተገኘ። ሳይፈለግ ግን አንጎሏ ውስጥ ያበጠ የደም ስር ታየ። አኒዩሪዝም ይሉታል። ከመቶ አዋቂ ሦስቱ ያህል ሳያውቁት ይዘውት ይኖራሉ፤ አብዛኛውም አይፈነዳም። ሲፈነዳ ነው ጉዱ።

መጀመሪያ ያየን ሐኪም «5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ከ7 በታች ስለሆነ በዓመቱ ተመለሱ» ብሎ በአምስት ደቂቃ ሸኘን። ቁጥሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ በ2003 የወጣ ትልቅ ጥናት 7ን እንደ መለያ ወስዶ ነበር። ቢሆንም እንቅልፍ አጣሁ።

የጓደኛዬ አክስት ወደ ሌላ የአንጎል ደም ስር ሐኪም መራችን። እሱ ምስሉን ኮምፒውተር ላይ በሁሉም አቅጣጫ እያገላበጠ አሳየን። ቁመቱን ለካ፣ 5.4። አንገቱን፣ ማለት ከደም ስሩ ጋር የሚገናኝበትን ስፋት ለካ፣ 2.7። «መጠኑ ትንሽ ነው፤ ቅርጹን ግን አልወደድኩትም» አለ።

እማዬ ስክሪኑን ትኩር ብላ አየችና «ይሄማ ቅል ነው! አንገተ ቀጭን ቅል!» አለች። አስተርጓሚዋ ቅልን በእንግሊዝኛ ምን ልበለው ብላ ተጨንቃ በእጇ ሠርታ አሳየችው። ከዚያ ወዲያ ሐኪሙም «ቅል» እያለ ቀጠለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁመቱ ለአንገቱ ይካፈላል፤ የእማዬ 2 መጣ። በጥናቶች ውስጥ 1.6 የሚባለው ቁጥር ደጋግሞ ይነሳል፤ ከዚያ ሲበልጥ ስጋቱ ይጨምራል ይባላል። አንገቱ ጠቦ ሆዱ ሲረዝም ደሙ ጫፉ ላይ ይንቀረፈፋል፣ ግድግዳውም ሊሳሳ ይችላል። ከጎኑ ደግሞ ትንሽ ጉብታ ነበረች፤ የፊተኛው ሪፖርት አንድም ቃል አልጻፈባትም። በ2012 ጃፓን ውስጥ 5,720 ሰዎች የተከታተለ ጥናት ጉብታ ያለው እብጠት ከሌለው ይልቅ የመፈንዳት ዕድሉ በ60 ከመቶ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል።

የወደድኩት ግን አለማስፈራራቱን ነው። «ቅርጽ ትንቢት አይደለም» አለን። ብዙዎቹ ጥናቶች የፈነዳውን ካልፈነዳው ጋር የሚያወዳድሩ ናቸው፤ መፈንዳቱ ራሱ ቅርጹን ሊቀይረው ይችላል። ሕክምናውም የራሱ አደጋ አለው። ደም ግፊቷን፣ ዕድሜዋን፣ እብጠቱ ያለበትን ቦታ አንድ ላይ አይቶ ነው ይሠራ ያለው። ውሳኔውን ለእሷ ተወላት፤ እኔን እንኳ «አንቺ ቆይ» ብሎኛል።

በጭኗ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ቅሉን በፕላቲነም ሽቦ ሞላው። አሁን ቡና እያፈላች ነው፤ ጨው በዛበት ስንላት መቆጣቷም ተመልሷል።

አስተርጓሚዋንም እግዜር ይስጣት። ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ። ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ፣ እኔ ሞክሬ ግማሹን እያለቀስኩ ዘልዬዋለሁ።

የሐኪሙን ስም የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ስትሄዱ ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ምስሉ ያለበትን ሲዲ ያዙ፤ እሱ የሚለካው ከምስሉ ላይ ነው።