ለምግብ ባለሙያችን ምስጋና፣ ጨጓራችሁን ላሠራችሁም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጤናዬ አደባባይ ላይ ማውራት አልወድም። ግን ባለፈው ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ሁለት ወንድሞች ያዙኝ። እንደኔው ክብደት ለመቀነስ ጨጓራቸውን በቀዶ ጥገና አሠርተው ኪሎው እየተመለሰባቸው ነው። «አንተ እንዴት አልተመለሰብህም?» አሉኝ። መልሴ አንዲት ሴት ናት። ለነሱም ለሌላውም ይድረስ ብዬ ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ታክሲ እነዳለሁ። ስኳሩ፣ ጉልበቱ፣ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቆራረጡ ሲደራረብብኝ ስሊቭ የሚባለውን ቀዶ ጥገና አደረግሁ። ከጨጓራ ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ቆርጠው ያወጡታል። ሐኪሙ እጁ ይባረክ። ዛሬ የማመሰግነው ግን ከሱ በኋላ የተቀበለችኝን የምግብ ባለሙያ ነው። ሐበሻ ናት።

የመጀመሪያዎቹ ወራት አያስቸግሩም። ሆድ አይጠይቅም፣ ሚዛኑ ይወርዳል፣ ሱሪ ይሰፋል። ጣጣው በኋላ ነው። ሚዛኑ ቀጥ ይላል፣ ረሃቡም ቀስ ብሎ ይመለሳል። ብዙ ሰው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ የመጨረሻ ዝቅተኛ ኪሎው ላይ ይደርስና ከዚያ ወዲያ ትንሽ ትንሽ እያለ ይጨምራል። ሞራል የሚያልቀው ያኔ ነው። የሚደውልልህ ሰው የሚጠፋውም ያኔ ነው። እሷ ግን ትደውላለች።

ከሆስፒታል ስወጣ የተሰጠኝ ወረቀት የግሪክ እርጎ፣ ኮተጅ ቺዝ፣ የተርኪ ሥጋ ይላል። ክፉ ምግብ አይደለም፤ ግን ስንት ሳምንት ይበላል? እሷ ወረቀቱን ገለበጠችና «ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?» አለችኝ። ነገርኳት። «ወጡን የሚሠራው ማነው?» ባለቤቴ አልኳት። «እንግዲያው በሚቀጥለው ይዘዋቸው ይምጡ።»

ይዣት ሄድኩ። ልጅቷ ከመሳቢያዋ የቡና ሲኒ አወጣች፤ እኛ ቤት ረከቦት ላይ የሚደረደረው ዓይነት። ሽሮውን በሲኒ ሰፍራ ሰሃን ላይ ገለበጠችው። ጎኑ አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ከሱ ቀጥሎ መዳፍ የማይሞላ ቁራጭ እንጀራ። «መጀመሪያ እንቁላሉ፣ ቀጥሎ ሽሮው፣ ቦታ ከተረፈ እንጀራው» አለች። ምክንያቱን ስትነግረን ገባን። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ እንጀራ ቀድሞ ከገባ ቦታውን ይይዘዋል። ከምግብ ጋር ውሃ የለም፣ ከበሉ በኋላም 30 ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ወጤን የምትሰፍረው በሲኒ ነው። እንግዳ ሲመጣ ግራ ይጋባል፣ እኛ ለምደነዋል።

ጾሙ ላይ ያደረገችውን ደግሞ ሌላ ቦታ አላገኘሁትም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ እንቁላሉም ወተቱም አብሮ ይቀራል። ይጹሙ አላለችኝም፣ አይጹሙም አላለችኝም። «የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ የሚሉትን ይንገሩኝና ምግቡን እኔ አወጣዋለሁ» አለች። አባ የመጀመሪያውን ዓመት ተዉልኝ። በሚቀጥለው ስጾም ሰዓት አላስጠበቁኝም። እሷም ምስር፣ ሽምብራና ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ምግብ) አድርጋ አወጣችልኝ። አንድ ካፕ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። በዚህች ጨጓራ ግን አንድ ካፕ ባንዴ አይገባም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከፋፈለችው፣ የጎደለውን በአኩሪ አተር ዱቄት ሞላችው።

ቫይታሚኑ የዕድሜ ልክ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው «ደህና ነኝ» ብሎ ይተወዋል። የብረት ክኒኑ ከካልሲየሙ ቢያንስ በ2 ሰዓት መራቅ አለበት፣ ከቡናም እንደዚሁ። የታክሲ ሰዓቴን ጠይቃ በሱ ልክ ጻፈችልኝ።

ሚዛኑ አልንቀሳቀስ ሲለኝ ደግሞ «ጋሼ፣ እሱን በሳምንት አንዴ ብቻ ይውጡበት» አለች። ስትደውል ስለ ኪሎ አትጠይቅም። የስኳሩ ቁጥር ስንት ነው? ደረጃው ያስተነፍሳል? ጫማዎን ማን ነው የሚያስርልዎት? ጫማዬን ድሮ ልጄ ነበረች የምታስርልኝ። ባለሙያዋን ስልኩ ላይ «ራሴ» ስላት በደስታ ጮኸች። በማግስቱ ተራ ስጠብቅ መኪና ውስጥ ከመቀመጥ ወርጄ ግቢውን ዞርኩ። አሁን ልማድ ሆኗል። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ እሷ የምትከታተለን ሰዎች ስላይጎ ክሪክ የእግር መንገድ ላይ አብረን እንሄዳለን።

የሰው ነገርም አለ። እኛ ዘንድ መክሳት በሽታ ነው። «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» የማይለኝ የለም። እናቴ አዲስ አበባ ሆና በቪዲዮ ስታየኝ አለቀሰች። ድግስ ላይ ደግሞ ጉርሻ አለ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ እኛን የሚያጣላን ሁለተኛው ነው፣ ያውም ከገዛ ሆዳችን ጋር። ልጅቷ የሰጠችኝ መልስ አጭር ናት፤ «ሐኪም አዞልኝ ነው።» ለሐበሻ ሐኪም ካዘዘ ክርክር የለም። እናቴን ግን ራሷ አነጋገረችልኝ። የስኳሬን የድሮና የአሁን ቁጥር ነገረቻት፣ ያኔ ነው የተረጋጋችው።

ጉድለቷንም ልናገር። ቀጠሮዋ ቶሎ አይገኝም። አፏም አያባብልም፤ የበላችሁትን ካልጻፋችሁ ትቆጣለች። ሆደ ቡቡ የሆነ ሰው ሊከፋው ይችላል፣ እኔ ይሻለኛል።

ስሟንና ስልኳን ሳትፈቅድ እዚህ አልለጥፍም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያት እሰጣችኋለሁ። መጀመሪያ ኢንሹራንሳችሁ ጋ ደውላችሁ የምግብ ባለሙያ ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ከቤተሰብ ሐኪም ሪፈራል ይፈልጋል። ሌላ አገር ወይም ሌላ ስቴት ያላችሁም ስትፈልጉ «ሬጂስተርድ ዳይቲሽያን» (የተመዘገበ የምግብ ባለሙያ) የሚለውን ማዕረግ እዩ፤ ሻይ ቅጠልና ዱቄት የሚሸጥ ሁሉ የምግብ ባለሙያ ነኝ ይላልና። እሷ ጋ ስትሄዱም ወጥ የሚሠራውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ብቻችሁን ከመጣችሁ መልሳ ትልካችኋለች።