የእጅ ስፌት ማሽኗና የሱሪዬ እግር

ወገቡ ልክክ ያለ፣ እግሩ ግን መሬት የሚጠርግ የሰልባጅ ሱሪ ያላችሁ አንብቡት። እኔ ሁለት አለኝ። የሰፈሬ ልብስ ሰፊ ደግሞ "ነገ ና" አያልቅበትም። በአራተኛው ቀን ተናድጄ መርካቶ ሄድኩና ያቺን ስቴፕለር የምታህል የእጅ ስፌት ማሽን ገዝቼ ተመለስኩ። በአራት የባትሪ ድንጋይ ነው የምትሠራው። ሻጩ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ጠርርር ሲያደርጋት በቃ፣ አለቀልኝ።

ቤት ገብቼ ጫማ አድርጌ ለካሁ። በባዶ እግር እንዳትለኩ፣ ጫማ ስታደርጉ ያጥርባችኋል። ሱሪው አዲስ ጥጥ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ይታጠብ፣ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል። በሳሙና ቁራጭ አሰመርኩ፣ ለእጥፋት አራት ሴንቲ ትቼ ቆረጥኩ፣ አጥፌ በካውያ ተኮስኩት። ማሽኗ ቀጥ ባለው ቦታ ጥሩ ሄደችልኝ፣ ውሸት አልናገርም። የጎኑ ስፌት ጋ፣ ጨርቁ ተደራርቦ የሚወፍርበት ላይ ስትደርስ ግን አቃሰተችና ክሩን በጠሰችው። ጂንሱ ላይማ መርፌዋ ተጣመመ።

ዋናው ጉዷ ሌላ ነው። ትልቁ ማሽን የላይና የታች ክር አለው፣ ሁለቱን ያቆላልፋል። ይቺ ያላት አንድ ክር ነው፤ ከስር ሰንሰለት እየሠራች ትሄዳለች። የፉርኖ ዱቄት ጆንያ አፍ ፈታችሁ ታውቃላችሁ? ትክክለኛዋን ጫፍ ካገኛችሁ አንዴ ስባችሁ እስከ መጨረሻው ይመጣል። ልክ እንደዚያ።

እኔ ይህን ያወቅኩት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ቀኝ እግሬ ላይ የተንጠለጠለች ክር አየሁና ጎንበስ ብዬ ሳብ አደረግኳት። ትርርር ብላ ወጣች፣ እጥፋቱም ጫማዬ ላይ ተዘረገፈ። ከኋላዬ የነበሩ እናት ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው "እንካ ልጄ፣ በዚህ ያዘው" ብለው ከነጠላቸው ጫፍ መርፌ ቁልፍ ፈተው ሰጡኝ። ቀኑን ሙሉ በእሷ ዋልኩ።

ለካ ስፌቱ ሲያልቅ ክሩን ረዘም አድርጎ ቆርጦ፣ ጫፉን በመጨረሻው ቀለበት አሾልኮ መቋጠር ያስፈልጋል። አብሯት በመጣችው ወረቀት ላይ ሥዕሉ አለ፣ ያላየሁት እኔ ነኝ። ቢሆንም ብዙ ለሚንቀሳቀስና ቶሎ ቶሎ ለሚታጠብ ልብስ አላምናትም። ለመጋረጃና ለትራስ ልብስ ትሁን።

ሱሪውን በመጨረሻ በእጅ መርፌ ቀመቀምኩት። መርፌዋ ከውጪው ጨርቅ አንድ ሁለት ክር ብቻ እየነካች ትለፍ፣ ከፊት ለፊት ምንም አይታይም። ክሩን ከክንዳችሁ አታስረዝሙት፣ ይወሳሰባል። ሁለቱ እግር አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ፣ ከዚያ ወዲህ ስንቴ ታጥቧል፣ ንቅንቅ አላለም። ጂንሱን ግን ልብስ ሰፊው ጋ ወሰድኩት።

ነገ ና ብሎኛል።