አዲስ ሞተርን ሳይለካ ለማይገጥም መካኒክ ምስጋና

በአዲስ አበባ ስኩተር ይዛችሁ የምትሠሩ፣ በተለይ ዕቃ የምታደርሱ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። የምናመሰግነው መካኒክ የቻይና ስኩተር ሞተሮችን ፈትቶ ይገጥማል። ስሙና ስልኩ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገ እዚህ አንጽፈውም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀን ሁሉ እንሰጣለን። በደፈናው «ጎበዝ ነው» ብለን ማለፍ አልፈለግንም። ምን እንደሚሠራና ለምን እንደሚሠራ በዝርዝር ስንጽፍ እሱ ጋ መድረስ የማይችል ሰውም የራሱን መካኒክ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

ብዙዎቹ የቻይና ስኩተሮች የያዙት ጂ ዋይ 6 የሚባለውን ሞተር ነው። ከሆንዳ ቴክኖሎጂ ጋር ባደገው በታይዋኑ ኪምኮ በኩል የተስፋፋ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ነው። ካርተሩ (የሞተሩ የብረት ቤት) ላይ የተመታው ኮድ ብዙ ይናገራል። 157 ኪው ኤም ጄ የሚል ካያችሁ 1 የሲሊንደር ብዛት ነው፣ 57 የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊሜትር፣ ኪው በማራገቢያ የሚቀዘቅዝ ማለት ነው፣ ኤም የሞተር ሳይክል፣ ጄ ደግሞ የ150 ሲሲ ምድብ። 152 ኪው ኤም አይ 125 ሲሲ ነው፤ 139 ኪው ኤም ቢ 50 ሲሲ። ይህን ኮድ ሳይይዝ መለዋወጫ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ለዕድል ሰጥቷል።

ንድፉ አንድ ይሁን እንጂ ሠሪው እጅግ ብዙ ነው። በዠጂያንግ ታይጆ ወይም በቾንግቺንግ ያለ አንድ ገጣጣሚ ኮሎውን (ፒስቶኑ የሚያዞረውን ዘንግ) ከአንዱ፣ ሲሊንደሩን ከሌላው፣ ኩሽኔታውን (ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ቀለበት) ከሦስተኛው ሊገዛ ይችላል። ከባሕር ማዶ የሚያዘው ነጋዴ «ዋጋውን ቀንሱልኝ» ሲል ፋብሪካው የሚቀንሰው ዓይን የማያየውን ነው፦ የካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ጥንካሬ፣ የፋሻውን (ፒስቶኑን የሚከብበውን ቀለበት) ብረት፣ የጎሚኒውን ዓይነት፣ ካርተሩ ከተቦረቦረ በኋላ የሚታጠብበትን ጊዜ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቁጥጥር ሠራተኛውን። ስለዚህ ሁለት ሞተሮች ከውጭ አንድ መስለው አንዱ ዓመታት ሲያገለግል ሌላው በወራት ውስጥ ዘይት መብላት ይጀምራል።

«ቻይና ስለሆነ ነው» የሚለውን አባባል ግን አንቀበልም። የቢ ኤም ደብሊው ሲ 400 ኤክስ ስኩተር የሚመረተው ቻይና ውስጥ በሎንሲን ነው። የቢ ኤም ደብሊው አይ 3 መኪና ላይ ባትሪ የሚሞላውን ትንሽ ሞተር የሠራውም ያው የታይዋኑ ኪምኮ ነው። እነዚህ ጥሩ የሆኑት ያዘዘው ወገን እያንዳንዱን ልክ በወረቀት አስፍሮ፣ ከልክ የወጣውን የሚመልስ ሰው ስላስቀመጠ ነው። የቬትናም ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በ2000 እና በ2001 አካባቢ ርካሽ የቻይና ሞተር ሳይክሎች ገበያውን አጥለቀለቁት፤ ሆንዳ በ2002 ዌቭ አልፋን በቅናሽ ዋጋ ሲያወጣ አንዳንድ ክፍሎቹን ከቻይና አስመጥቶ፣ ቁጥጥሩን ግን በራሱ እጅ አድርጎ ነበር። ፋብሪካ ላይ የተዘለለ ቁጥጥር አንድ ቦታ ላይ መደረጉ አይቀርም፤ ወይ ጥሩ መካኒክ ጠረጴዛ ላይ፣ ወይ መንገድ ላይ ሞተሩ ሲነክስ (ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ሲቆም)። ይህ መካኒክ ያንን ሥራ ወደ ራሱ ጠረጴዛ ያመጣ ሰው ነው፤ ትልቁ ምስጋናችንም ለዚህ ነው።

አዲስ የሲሊንደርና የፒስቶን ስብስብ ስትወስዱለት መጀመሪያ የሚያደርገው ማጠብ ነው። በነጭ ጋዝ፣ ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ ነጭ ጨርቅ ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። የሲሊንደር ግድግዳ ላይ የሚቀረው የማለስለሻ ድንጋይ ዱቄትና ካርተር ውስጥ ተደብቆ የሚመጣው የማቅለጫ አሸዋ አዲስ ፋሻን የሚበሉ ነገሮች ናቸው። ወዲያው በዘይት ይቀባዋል፤ የታጠበ ብረት ቶሎ ይዝጋል።

ቀጥሎ ይለካል። የ150ው ሲሊንደር 57.4 ሚሊሜትር ስፋት አለው፣ ፒስቶኑ የሚጓዘው 57.8 ሚሊሜትር ነው። ስፋቱን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ይለካል፤ ሞላላ የሆነ ወይም ወደ ታች የጠበበ ካገኘ ይመልሰዋል። በአዲስ ሲሊንደርና ፒስቶን መካከል የሚፈልገው ክፍተት ከ0.01 እስከ 0.04 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ሲሞቅ ይነክሳል፤ ከ0.10 ከበለጠ አዲስ ቢሆንም ያለቀ ነው። ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቶ፣ በፒስቶኑ ራስ ቀጥ አድርጎ ገፍቶ፣ የጫፎቹን ክፍተት ይለካል። 0.15 እስከ 0.30 ከሆነ ይገጥመዋል። ጫፎቹ ከተነካኩ በቀጭን ሞረድ ያስተካክላል፤ ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ ፋሻው ሲሞቅ ይፋፋና ሲሊንደሩን ይፍቀዋል።

ቴስታታው (ከሲሊንደሩ በላይ የሚቀመጠው፣ ቫልቮቹን የያዘው ክፍል) ላይ የሚያደርገው ሙከራ ማንም ቤቱ ሊያደርገው የሚችል ነው። ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) አጥብቆ ቴስታታውን ይገለብጣል፣ ቫልቮቹ ያሉበትን ጉድጓድ ቤንዚን ይሞላል፣ ከዚያ የማስገቢያና የማስወጫ ቀዳዳዎቹን ያያል። ቤንዚን ካረጠባቸው ቫልቩ መቀመጫው ላይ አልገጠመም ማለት ነው፤ በማለስለሻ ቅባት አሽቶ እንደገና ይሞክራል። በርካሽ ቴስታታ ላይ ይህ ደጋግሞ የሚገኝ ጉድለት ነው። የ50 ሲሲ ባለቤቶች አንድ ነገር ያዙ፦ ለ139 ኪው ኤም ቢ 64 ሚሊሜትርና 69 ሚሊሜትር ርዝመት ያላቸው ቫልቮች አሉ፣ ቴስታታቸውም የተለያየ ነው። ሻጩ «አንድ ነው» ቢላችሁ አትመኑት፤ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ።

ኮሎውን በሁለቱ ጫፎች አስደግፎ በዲያል ጌጅ (ጥቃቅን መዛባትን በሚያሳይ ባለ መርፌ መለኪያ) እያዞረ ቀጥታነቱን ያያል። ቢየላው (ፒስቶኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) ወደ ጎን ትንሽ መንሸራተቱ ትክክል ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ከተነቃነቀ ግን አይገጥመውም።

ሌላ ቦታ ብዙም የማይታየው የዘይት መንገዱ ምርመራ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ዘይት ወደ ካምሻፍቱ የሚወጣው በአንደኛው ረጅም የሲሊንደር ብሎን ዙሪያ ባለ ክፍተት ነው። ጓርኒሲዮን (በሁለት ክፍሎች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ላይ ያለልክ የተቀባ ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተጨምቆ ይህን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ከዚያ ታች ዘይት ሞልቶ ላይ ካምሻፍቱ ደርቆ ይፋቃል፤ ባለቤቱም «ዘይት ቀይሬ ነበር እኮ» ይላል። እሱ ቀዳዳውን በአየር ነፍቶ፣ ከገጠመ በኋላ የቫልቮቹን ክዳን ሳይዘጋ ሞተሩን በስታርተር ያዞራል። ዘይት ካምሻፍቱ ጋ ሲደርስ በዓይኑ ካላየ ክዳኑን አይዘጋም። ይህን እባካችሁ ለመካኒኮቻችሁ ንገሩ።

ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ ሲያስተካክል ቮላኖው (ከኮሎው ጫፍ ያለው ክብ ብረት) ላይ ያለውን የቲ ምልክት ካርተሩ ላይ ካለው ምልክት ጋር ያገናኛል፤ የካምሻፍቱ ጥርስ ትልቁ ቀዳዳ ወደ ውጭ፣ ሁለቱ ትናንሾቹ ከቴስታታው ክዳን መቀመጫ ጋር እኩል መስመር ላይ ይሆናሉ። ካምሻፍቱን የሚያዞረውን የካቴና (ሰንሰለት) መወጠሪያ ወደ ውስጥ ጠምዝዞ ሳይሰበስብ አይገጥመውም። የቴስታታውን ዳዶዎች በመስቀል ቅደም ተከተል፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር፣ እስከ 20 ኒውተን ሜትር አካባቢ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ያጠብቃል። የርካሽ ካርተር አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ በግምት ሲጠብቅ ጥርሱ ይላጣል። የቫልቭ ክፍተቱን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.10 ሚሊሜትር አካባቢ ያደርገዋል።

ማራገቢያውን የሚሸፍኑትን ፕላስቲኮች አንዱንም አያስቀርም። ኮዱ ላይ ያለው ኪው የሚለው ፊደል ትርጉሙ እዚህ ይታያል፦ አየሩ ሲሊንደሩን የሚዞረው በእነዚያ ሽፋኖች ውስጥ ነው። «ትርፍ ነው» ተብሎ የተጣለ ሽፋን ጥሩ ሞተርን በአንድ ዳገት ያቃጥላል።

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ደግሞ ለእኛ ከተማ የራሱ ጉዳይ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነ ጂግለር (ቤንዚኑን የሚመጥን ቀዳዳ ያለው ትንሽ ብሎን) እዚህ ለአየሩ የሚበዛ ቤንዚን ይሰጣል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ ጉልበት ይጠፋል፣ ትርፉ ቤንዚን ደግሞ የሲሊንደሩን ዘይት አጥቦ ፋሻውን ያስበላል። ብዙ ሰው ይህን የሞተሩ ጥራት ጉድለት አድርጎ ያየዋል። እሱ ዋናውን ጂግለር ደረጃ በደረጃ ዝቅ እያደረገ፣ ዳገት አስነድቶ፣ የካንዴላውን ቀለም እያየ ያስተካክላል፤ የሚፈልገው ቀለል ያለ ቡናማ ነው። ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ለምትወርዱ የድሮውን ጂግለር በላስቲክ ጠቅልሎ ይሰጣችኋል፤ ቆላ ላይ በትንሹ ጂግለር መንዳት ሞተሩን ያግላል።

ቺንጊያ (የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚያስተላልፈው ቀበቶ) ስትገዙ ቁጥሩን እዩ። 743-20-30 ማለት 743 ሚሊሜትር ርዝመት፣ 20 ስፋት፣ 30 ዲግሪ ነው። አንዳንዱ 150 ረጅም ካርተር ስላለው 842 ወይም 835 ይፈልጋል።

ሞተሩን ሲያስረክብ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው። የመጀመሪያውን ዘይት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ቀይሩ፣ ሁለተኛውን 300 ላይ፣ ከዚያ በየ1,000ው። በየቅያሬው ከሥር ያለውን የወንፊት ማጣሪያ አውጥታችሁ እጠቡ፤ ሞተሩ የወረቀት ፊልትሮ የለውም። በዘይት ቅያሬ የሚገባው 0.8 ሊትር አካባቢ ነው። የዘይት መለኪያውን ስታስገቡ ሳትጠመዝዙት አሳርፋችሁ አንብቡ። የኋላው ጥርስ ቤት የራሱ ዘይት እንዳለውም አትርሱ።

ምስጋናችን ለአንድ ተጨማሪ ነገርም ነው። መለዋወጫ ለሚያስመጡ ነጋዴዎች ትዕዛዛቸው ላይ ምን መጻፍ እንዳለባቸው ያለ ክፍያ ይነግራቸዋል፦ ኮዱን ሙሉ፣ የሲሊንደሩን ልክ ከነልዩነት ገደቡ፣ የቫልቭ ርዝመት፣ የኩሽኔታውን ስሪት ስም። ሙሉ ጭነቱ ከመሠራቱ በፊት ናሙና አስልከው እንዲያስለኩ፣ የቀረውን ክፍያ ዕቃው ከመጫኑ በፊት በገለልተኛ ተቆጣጣሪ ከታየ በኋላ እንዲከፍሉ ይመክራል። ናሙናው ጥሩ ሆኖ ጭነቱ ሌላ ሆኖ የሚመጣው በአብዛኛው ይህ ሲዘለል ነው።

ቸኩላችሁ ከሆነ ግን እሱ ጋ አይመቻችሁም፤ ተራ አለ፣ መለካቱም ጊዜ ይወስዳል። በካርቡራተር ፋንታ በኢንጀክሽን (በኤሌክትሮኒክ የቤንዚን መርጫ) የሚሠሩ ሞተሮችን አይቀበልም። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ በሙሉ ይመልስላችኋል፣ የለካቸውን ቁጥሮችም በወረቀት ጽፎ ይሰጣል፤ ያንን ወረቀት አስቀምጡት፣ ለሚቀጥለው ጥገና መነሻ ነው። ስትሄዱ የሞተሩን ኮድ በስልክ ፎቶ አንሡ፣ አሮጌውን ዕቃ ሳትጥሉ ያዙ፣ አዲሱን የገዛችሁበትን ደረሰኝ ጨምሩ። ሲለካ ከልክ ውጭ ከሆነ ሻጩ ዘንድ የምትመልሱት በደረሰኙ ነው።